ከሁለት ወላጅ የሚወረስ ማንነት

«ብዝኀ ውርስ» አንድ ክላስ፣ ማለትም የባሕርይና የተግባር ንድፍ፣ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወላጅ ክላሶች የሚወርስበት ሥርዓት ሲሆን፣ የፕሮግራም ቋንቋው ሲ ፕላስ ፕላስ በ1989 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል፤ ሌላው ቋንቋ ጃቫ ግን አንድ ወላጅ ክላስ ብቻ ፈቀደ። በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ወላጆች ተመሳሳይ ስም ያለው ተግባር ካወረሱ፣ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ጽሑፍ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ የየትኛው ወላጅ እንደተፈለገ ያልተገለጸበትን ጥሪ አይቀበልም፤ ምርጫው ግን ለዚያ ጥሪ ብቻ ስለሆነ ሌላው ውርስ አይጠፋም።

በካርቱም አርካዊት ሰፈር ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት ተወልዶ የአባቱን ዜግነት ያገኘ ልጅ የሚገጥመው ምርጫ ከዚህ ይከብዳል፤ በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። መንግሥት የዜጋው ታማኝነት እንዳይከፈል መሥጋቱ አግባብ አለው፤ ሆኖም ወላጁን መርጦ ያልተወለደን ሰው ዝምታ እንደ ክህደት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም፤ ምርጫውን በየጉዳዩ፣ ለምሳሌ በውትድርና ወይም በሥልጣን ላይ፣ መጠየቅ እየተቻለ አንዱን ወላጅ ጨርሶ ማስተው ለምን እንዳስፈለገ ሕግ አውጪው ሊያስረዳ ይገባዋል።