የተሰጠህን ወዴት ታደርገዋለህ?

ስጦታውን ለፍጥረቱ ያከፋፈለ፥ ለአንዱ ጉልበት ለሌላው ዕውቀት፥ ለአንዱ ድምፅ ለሌላው ሀብት የሰጠ አላህ ምስጋና የተገባው ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ በመሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ውድ አንባቢ ሆይ! በሱቅህ ተቀምጠህ የቀኑን ሒሳብ በምትዘጋበት ሰዓት ምናልባት ይህ አሳብ ወደ ልብህ መጥቶ ያውቅ ይሆናል። «አላህ ችሎታ ሰጥቶኛል፤ ገበያው ያምነኛል፥ ሰው ቃሌን ይሰማል። እንግዲህ በዚህ ልግፋበትና ከፍ ልበልን? ወይስ ከፍ ማለት እዩልኝ ስሙልኝ ነውና ልሸሽገው?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ደጋግ ሰዎች በትሕትና ስም ችሎታቸውን እንደ ያዙት ወደ መቃብር ወርደዋል፤ ብዙ ብልሆችም የተሰጣቸውን የገዛ ራሳቸው ሥራ አድርገው ቈጥረው ጠፍተዋል።

በመጀመሪያ ይህን አስተውል። የአዛን ቃል በሕልም የተገለጸው ለዐብዱላህ ኢብን ዘይድ ነበረ። ሕልማቸውን ለአላህ መልክተኛ በነገሩ ጊዜ ግን አንተው ተነሥተህ ጥራ አልተባሉም፤ ድምፁ ካንተ ድምፅ ያምራልና ለቢላል አስተምረው ተባሉ። ዐብዱላህ ቃሉን እያቀበሏቸው፥ ቀድሞ በመካ በጋለ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖባቸው ይሠቃዩ የነበሩት ሐበሻው ቢላል የመዲናን ሕዝብ ወደ ሶላት ጠሩ። ቢላል ድምፅ አለኝ ብለው አልተከራከሩም። ዐብዱላህም ሕልሙ የኔ ነውና ቦታውም የኔ ነው አላሉም። አንድ ሥራ ሰው ፈለገ፥ ለሥራው የተፈጠረውም ሰው ተጠራ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ያልተጠራሁ እንደ ሆነስ?» ትል ይሆናል። በዚህ ላይ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል። የአላህ መልክተኛ ዐብዱረሕማን ኢብን ሰሙራን ሹመት እንዳይለምኑ መክረዋቸዋል። ነቢዩ ዩሱፍ ግን በግብፅ ምድር ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾማቸው ንጉሡን ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም አልሸሸጉም። ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ ይመስላሉ፥ ነገር ግን አይጋጩም። ዩሱፍ ይህን የጠየቁት የጥጋቡ ዘመን አልፎ ሰባት የረኀብ ዓመታት እንደሚመጡ ዐውቀው ነው። እህሉን የሚያከማችና የሚሰፍር ታማኝ ሰው ባይገኝ ሕዝቡ ሊያልቅ ነው። የጠየቁት ዙፋን አይደለም፥ ጎተራ ነው። አቡ ዘር ደግሞ በእውነተኛነታቸው የተመሰገኑ ሰው ሳሉ፥ በሁለት ሰዎች ላይ እንኳ አለቃ እንዳይሆኑ፥ የየቲምንም ገንዘብ እንዳይረከቡ ነቢዩ መከሯቸው፤ በዚህ ነገር ደካማ መሆናቸውን አይተዋልና። ይህ ነቀፋ አልነበረም። የአቡ ዘር ስጦታ እውነትን ያለ ፍርሃት መናገር እንጂ ገንዘብ ማስተዳደር አልነበረም። እንግዲህ ራስህን ስትመረምር «ልታወቅ ወይስ ልሸሸግ» አትበል፤ «ይህ ሥራ የኔን ችሎታ ይፈልጋልን? እኔ ብተወው የሚጎዳ ሰው አለን?» በል።

አሁን ወደ ነጋዴው እንምጣ፤ ይህች ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ የምትነበበው በነጋዴ ቤት ነውና።

ኢማም አቡ ሐኒፋ በ80 ዓመተ ሂጅራ (በ699 እ.ኤ.አ.) በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ሥራቸው ኸዝ የሚባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ጨርቅ መሸጥ ነበረ። በወጣትነታቸው አንድ ቀን ሲያልፉ ሊቁ ሻዕቢይ ጠርተው ወዴት እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ወደ ገበያ ነው ብለው መለሱ። ሻዕቢይም የጠየቅሁህ ከሊቃውንት ከማን ዘንድ እንደምትመላለስ ነበር፤ ንቃት አይብሃለሁና ዕውቀትን ችላ አትበል አሏቸው። ይህ ቃል በልባቸው ቀረ። ከሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን እግር ሥር ተቀምጠው፥ መምህሩ በ120 ዓመተ ሂጅራ እስኪያርፉ ድረስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ተማሩ።

ነገር ግን ሱቃቸውን አልዘጉም። ዕውቀት የፈለገ ሰው ሚዛኑን መጣል አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔ ከነርሱ ጋር አልስማማም። ኢማሙ ስለ ሽያጭና ስለ ውል የተናገሩት ጥልቅ የሆነው፥ እንደሚመስለኝ፥ ገበያውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከውስጡ ስለሚያውቁት ነው። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ይዛ መጥታ በመቶ ልሽጥልዎ አለቻቸው። ከዚህ ይበልጣል አሏት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም ይበልጣል አሏት። እንዲህ እያለች አራት መቶ ደረሰች፤ አሁንም ይበልጣል ባሏት ጊዜ ይቀልዱብኛልን? አለች። ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድታመጣ ነገሯትና ልብሱን በአምስት መቶ ገዙት። የዋጋን ልክ ማወቅ ከአላህ የተሰጠ ችሎታ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የማያውቀውን ሰው ለማራቆት እንጠቀምበታለን። ሌላ ጊዜም ሸሪካቸው ሐፍስ እንከን ያለበትን ልብስ፥ እንከኑን ለገዢው እንዲናገር ታዞ ሳለ፥ ረስቶ ሸጠው። ገዢውም ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ኢማሙ የተሸጠበትን ዋጋ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት።

ሰው በጨርቁ ያመናቸው በፍርዱም አመናቸው። ተሰሚነታቸው ከዚህ በቀለ፤ ዛሬም ከቱርክ እስከ ሕንድ፥ ከመካከለኛው እስያም እስከ እኛ አገር ድረስ የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች አሉ።

ታዲያ ከፍ ለማለት የፈለጉ ቢሆን በሩ ተከፍቶላቸው ነበር። ባግዳድን የመሠረተው ኸሊፋው አል መንሱር ቃዲ ይሁኑ ብሎ ጠራቸው። ለዚህ አልበቃም ቢሉት ዋሽተሃል አላቸው። እንግዲያውስ አንተው ፈረድህልኝ፥ ዋሾ ለዳኝነት አይበቃምና ብለው መለሱ። ስለዚህ ታሰሩ፤ በ150 ዓመተ ሂጅራ (በ767 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ ሞቱ። ብዙ ጸሐፊዎች በእስር ቤት ሳሉ እንደ ሞቱ ጽፈዋል።

ይህ ሽሽት ነውን? አይደለም። የኢማሙ ስጦታ ነጻ አንደበት ነበረ፤ ነጻነቱንም የጠበቀላቸው ሱቃቸው ነው። እንጀራቸው ከቤተ መንግሥት አልነበረምና በቤተ መንግሥት ፊት እምቢ ማለት ቻሉ። አንተ ነጋዴ ወንድሜ! ንግድህን የዱንያ ነገር ብቻ አድርገህ ስትንቀው ይህን አስብ።

በትርፋቸው ሌላም ነገር አደረጉ። ከዓመት እስከ ዓመት ያተረፉትን ሰብስበው ለሊቃውንቱና ለተማሪዎቹ ቀለብና ልብስ ይገዙበት ነበር፤ የተረፈውንም ገንዘብ ይሰጧቸውና አላህን እንጂ እኔን አታመስግኑ ይሏቸው ነበር። ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ያዕቆብ የሚባል የድኻ ልጅ ነበረ፤ በኋላ አቡ ዩሱፍ ተብለው የታወቁት እርሳቸው ናቸው። እንደ ተተረከው እናቱ ለልብስ አጣቢ ሥራ አስገብታው ነበር፥ እርሱ ግን እየጠፋ ወደ ኢማሙ ጉባኤ ይሄዳል። እናቲቱም እየመጣች እጁን ይዛ ትወስደዋለች። አንባቢ ሆይ፥ በዚህች ሴት አትፍረድ፤ የምትበላው የላትም። አንድ ቀን ተማርራ ልጄን ያበላሸብኝ አንተ ነህ አለቻቸው። ኢማሙም ተዪው፥ ፋሉዘጅን በፉስቱቅ ዘይት መብላት እየተማረ ነው አሏት። ፋሉዘጅ ከማር ጋር የሚሠራ የነገሥታት ጣፋጭ ነው። ሴትዮዋ ሽማግሌው አእምሮውን ስቷል ብላ ሄደች። ኢማሙ ግን ገንዘብ እየሰጡ ልጁን አስተማሩት።

ያ ልጅ አድጎ በሃሩን አር ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ ሆነ፤ በዚህ ስም የተጠራም የመጀመሪያው ሰው ነው። መምህሩ እምቢ ያሉትን ተማሪው መቀበሉን አንዳንዶች ነቅፈዋል። እኔ ግን ስጦታው ሌላ ነበረ እላለሁ፤ አቡ ዩሱፍ ሥልጣን ላለው ሰው እውነትን በቅርብ ሆነው መናገር ያውቁ ነበር። ስለ ግብር በጻፉት መጽሐፍ ግብር ከፋዮች እንዳይገረፉ፥ በፀሐይም ላይ እንዳይቆሙ ኸሊፋውን መክረዋል። ያንን ምክር ከሩቅ የሚጮኽ ሰው ሊያደርሰው አይችልም ነበር።

አንድ ቀን በሃሩን ማዕድ ተቀምጠው ሳለ ምግብ ቀረበ። ኸሊፋው ከዚህ ብላ፥ ይህ ዕለት ዕለት አይሠራልንም አላቸው። ምንድር ነው? ብለው ቢጠይቁ ፋሉዘጅ በፉስቱቅ ዘይት ነው ተባሉ። አቡ ዩሱፍ ሳቁ። ሃሩንም ስለ ምን እንደ ሳቁ ግድ አላቸው፤ እርሳቸውም የእናታቸውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩት። ሃሩን ተደነቀ፥ ለአቡ ሐኒፋም የአላህን ምሕረት ለመነላቸው።