ሁለት ሲኒ የሚይዝ ሆድ

«ሆድ ከሀገር ይሰፋል።» ደብረ ታቦር አድጎ ይህን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የተጣሉ ባልና ሚስት ለእርቅ ሲቀመጡ አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሴቲቱ ዞር ይሉና ይህንኑ ይሏታል። ጎረቤት የሰደባት፣ አለቃው ያንጓጠጠው፣ ከውርስ የተነቀለ ሁሉ የሚጽናናው በዚሁ ነው። ዋጠው፣ ቻለው፣ ቦታ አለህ ማለት ነው።

አማርኛችን ሆድን የምግብ ከረጢት ብቻ አላደረገውም። ቻዩ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ። ምስጢር «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይቀበራል። እናቴም ስታቆላምጠኝ «ሆዴ» ነው የምትለኝ፤ አርባ ዓመት አልፎኝም ያው ሆዷ ነኝ። ስለዚህ ተረቱ ስለ ሥጋው ሆድ እንዳልሆነ አላጣሁትም። እኔ ግን የሥጋውን ሆድ በቀዶ ሕክምና ያስቀነስኩ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ሆዶች ለያይቼ ማሰብ አልሆነልኝም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ ጥር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። 118 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ ቆሜ ሳስተምር ጉልበቴ ይቃጠል ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሣለና ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመረበት። ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ሆኖ ይሰፋል አለኝ። «ታዲያ ስንት ይይዛል?» አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቡና ሲኒ አነሣና አሳየኝ። «መጀመሪያ ላይ ከሁለት ሲኒ ብዙም አይበልጥም።»

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በካሜራ ስለሆነ ሆዴ ላይ የቀረው አምስት ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ነው። ደም እግሬ ውስጥ እንዳይረጋ በማግስቱ አስነሥተው አስኬዱኝ። ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ነበር። እህቴ ስኳር የሌለው አጥሚት አቅጥና ታፈላልኛለች፣ የዶሮ መረቅ ታጣራልኛለች፤ ሳልወልድ አራስ ሆንኩ። በሻይ ማንኪያ ቀስ እያልኩ አንዷን ሲኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አንድ ቀን ቸኩዬ ሁለቴ ብጎነጭ ደረቴ መሐል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ እስኪወርድልኝ ድረስ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

ከሁሉ የገረመኝ የረሃቤ መጥፋት ነው። ግሬሊን የሚሉት ርሃብን የሚያስነሣ ሆርሞን አለ፤ አብዛኛው የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን «ሆዳም» እያልኩ ስሰድብ ኖሬአለሁ። በልቼ ተነሥቼ ጓዳ የሚመልሰኝ ነገር የጸባዬ ነውር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ከአካሌ የሚመጣ ጥሪ ኖሯል። ያ ጥሪ ጸጥ ያለ ቀን እህቴ ቤት አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዛሬም ቢሆን አንድን ወፍራም ሰው ሆዳም ሲሉት ስሰማ አላልፍም፤ እናገራለሁ።

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ወረታን አልፈን አቀበቱን ስንጀምር፣ ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ አልኩ። ለእናቴም ያንኑ።

ለእናቴ ለምን? እናቴ የላይ ጋይንት ሰው ናት። በ77ቱ ድርቅ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ዘመን የማልረሳው ማታ ማታ የምትለውን ቃል ነው። ያለችውን ቂጣ ለአራታችን ቆርሳ ታካፍለንና «አንቺስ?» ስንላት «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ከዚያ መቀነቷን ፈትታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ ትታጠቃለች። መቼ እንደበላች አይተን አናውቅም። ሰው እህል አጥቶ በረገፈበት ሀገር፣ ትንሽ እንድበላ ብዬ ገንዘብ ከፍዬ ሆዴን አስቆረጥኩ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ተራው የኔ ሆነ። ትሪው ከቀረበ ሦስት ጉርሻ ሳልበላ «ጠግቤአለሁ» እላታለሁ። እውነቴን ነው። እናቴ ግን ያቺን ቃል ከማንም በላይ ታውቃታለች፤ ልጆቿን የዋሸችባት ቃል ናት። ስለዚህ አታምነኝም። «በሞቴ!» ትላለች፤ «አፈር ስሆን!» ትላለች፤ እንጀራውን ጠቅልላ አፌ ድረስ ታመጣዋለች። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም። ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ተዝካር ላይ ያው ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ይከተላል። ዋጥ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ ከዚያ ከዳሱ ጀርባ ሄጄ አስመልሳለሁ። በአራተኛው ወር ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ መውጣት ጀመረ። ፈጣን ክሳት የሚያመጣው፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚመለስ ነገር ነው፤ ያንን ግን ለማን አስረዳለሁ? በሀገራችን ወፈርሽ ማለት ተመቸሽ ማለት ነው፤ ከሳሽ ማለት ግን «ምን ነካሽ?» ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ስገባ ወሬ ያቋርጡ ነበር።

ደስታዬን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የስኳሬ መጠን ወርዶ ሐኪሜ መድኃኒቱን ቀነሰልኝ። ማለዳ ማለዳ በጋፋት መንገድ በእግሬ መሄድ ለመድኩ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከዚያ አስነሥተው እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት አስጎተቱት። እኔ አውርጄ የጣልኩት 42 ኪሎ ብቻ ነው። ሆኖም አቀበቱን ሳላርፍ የወጣሁ ቀን የእነዚያን ጎታቾች ትከሻ አሰብኩ፤ ሸክሙ ሲወርድላቸው ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ።

ነገሩ የከፋው በሁለተኛው ዓመት ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ዕድሜ ልኩን ቫይታሚን መውሰድ አለበት፤ በተለይ ቢ12ን። ቢ12 ከምግብ ተለይቶ በአንጀት እንዲሰርግ የሚረዳው ከጨጓራ የሚመነጭ ነገር ነውና ጨጓራው ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ይህን በሚገባ ነግረውኛል። እኔ ግን ብልቃጡን ሰው እንዳያይብኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ሸሸግኩት፤ ሲያልቅም አልተካሁትም። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። የነፍስ አባቴ «ለበሽተኛ ጾም የለም» እያሉኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዐቢይ ጾምን በሽሮ ዘለቅኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለስኳሩ ዓመታት ሙሉ ሜትፎርሚን ወስጄ ነበር፤ እሱም ቢ12ን ይቀንሳል።

ሰኔ 2011 ላይ ውስጥ እግሬን ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወጥቶ ሳላውቀው ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። ከተማችን ውስጥ የመረመረኝ ሐኪም ስኳር እንዳለብኝ ሲሰማ ስኳሩ ነርቭሽን ነክቶት ይሆናል አለኝ። ያልነገርኩትን ከየት ያምጣው? ካርዱን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። እጀታውን ከጨበጥኩ በኋላ ተመለስኩና «ጨጓራዬ ተቆርጧል» አልኩት። ከእህቴ በቀር ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ቢ12ን በመርፌ ጀመረልኝ፤ ጉንዳኑ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

«ሆድ ከሀገር ይሰፋል» ውሸት ነው አልልም። እናቴ 77ን የተሻገረችው በዚያ ሆድ ነው፤ እኛንም ያሻገረችን። ቅር የሚለኝ ተረቱ የሚነገረው ለማን እንደሆነ ሳስብ ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ተበደለችው እንጂ ወደ በዳዩ አይደለም። ቻይ የሚባለው አስቀድሞ የቻለው ነው። ደግሞም ተረቱ የሆድን ስፋት ተናገረ እንጂ ምን እንደሚከተትበት አልተናገረም። የኔ ሁለተኛው ሆድ እውነትም ሰፊ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ቀዶ ሕክምናውን፣ ትውከቱን፣ የፀጉሬን መርገፍ፣ የእግሬን መደንዘዝ ያዘ። ሲይዝ የከረመው በነርቮቼ ላይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የዚሁ ሕዝብ ተረት ነው፤ እርቅ ላይ ግን ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ለሐኪሙ የተናገርኩ ቀን ማታ ለእናቴም ነገርኳት። ስፌቷን አስቀመጠች። «ያምሻል?» አለችኝ፤ አሁን አያመኝም አልኳት። «ስንት ይይዛል?» አለች። ሐኪሙ እንዳሳየኝ ከረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ አንሥቼ ፊቷ አኖርኩ፤ ዛሬ ዛሬ ትንሽ ሰፋ ብሏል አልኳት። አንዱን ሲኒ አንሥታ ውስጡን አየች፤ በጣቷ ጠርዙን ዞረችው።

«ታዲያ ያን ሁሉ በሞቴ እያልኩ ስግትሽ ነው የከረምኩት?»

«አላወቅሽም፣ እማዬ።»

«እርጥብ እህል ጎታ ይከተታል፣ ልጄ? ይሻግታል እኮ።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እኔስ መቼ ነገርኳችሁ» አለች። ስለ 77 አፏን ስትከፍት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በነሐሴ ቡሄ ደረሰ። ደብረ ታቦር በስሟ የሚከበር በዓሏ ነውና ጅራፉ ከዋዜማው ጀምሮ ከየጋራው ይጮኻል። እናቴ ለሚጨፍሩት ልጆች ሙልሙል ስትጋግር ከሊጡ ጫፍ ቆርሳ የሕፃን ጡጫ የምታህል አንዲት ለብቻዋ አድበለበለች። ትኩሷን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ፣ እያላመጥኩ፣ ግማሿን በላሁ።

«ጠገብሽ፣ ሆዴ?»

«ጠግቤአለሁ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ የተረፈችውን ግማሽ ሙልሙል አንሥታ ራሷ በላቻት።