ለምትጨነቁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ «የሚጨነቅ ሰው እምነት የለውም» የሚላችሁን አትስሙት። ነቀምቴም፣ ጊምቢም፣ ደምቢ ዶሎም ይህ ቃል በየጸሎት ቤቱ ሲነገር እሰማለሁ። ተናጋሪው ለማበርታት ብሎ ይሆናል፤ ሰሚውን ግን ይጎዳዋል። ልቡ ሲደልቅበት አድሮ በጠዋት ጸሎት ቤት የመጣ ወጣት፣ በጭንቀቱ ላይ ኀፍረት ይደረብበታል። ከዚያ ወዲያ አፉን ይዘጋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው አይተው ነው።

እስቲ የእግዚአብሔርን ሰዎች ተመልከቱ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ባወረደ ማግስት፣ ኤልዛቤል ዛተችበትና ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገው? አልተቆጣውም። «ትናንት ያየኸው ተአምር የት ሄደ?» ብሎም አልጠየቀው። እንቅልፍ ሰጠው። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ነቢዩ መንገዱን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ደክሞት ለተሰበረ ሰው ሰማይ መጀመሪያ የላከለት እንቅልፍና እህል ነበር። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ በተጨነቀች ሌሊት፣ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲነቁ ለምኗቸዋል። እሱ ሰው አጠገቡ እንዲሆን ከፈለገ፣ እኛ ማን ነንና ብቻችንን እንችለዋለን እንላለን?

ደግሞስ የወለጋ ሰው ስጋት ከመሬት የበቀለ ነው? በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ የሚማር ልጅ ነጆ ያለች እናቱ ትታመም ትዳን፣ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ከርሟል። ከዚያም ወዲህ ባለው ግጭት ስንቱ ከቀዬው ተፈናቀለ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ዛሬ ኔትወርክ ለአንድ ሰዓት ሲጠፋ ሆዱ የሚላወስ ሰው ደካማ አይደለም፤ ያየውን ያየ ሰው ነው። ልጇ በቡሬ መንገድ መኪና የሚነዳ እናት በየሰፈራችሁ አለች። ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች፣ ቻርጁን ታያለች፣ መልሳ ትጋደማለች። እሷን «እመኚ እንጂ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አብሯት የሚያድር ሰው ግን የበለጠ ይጠቅማታል።

ይህች ነቀምቴ ከተማችን መጠበቅን የሚያውቁ ሰዎች ያለፉባት ናት። ኦነሲሞስ ነሲብ፣ የልጅነት ስሙ ሂካ፣ ገና ልጅ ሳለ ከኢሉባቦር በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ክርስቲያን ከሆነና ስዊድን ሄዶ ከተማረ በኋላ አሳቡ ሁሉ ወደ ሕዝቡ መመለስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ በእንጦጦ በኩል ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። 23 ዓመት መሆኑ ነው፣ ልጆቼ። በመካከሉ ባለቤቱን ምሕረትን ቀብሯል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የነገረው አልነበረም። ምን እያደረገ ጠበቀ? ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰ። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላቱን እየለቀመች፣ የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ እየመዘገበች አብራው ደከመች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። መንገዱ ሲከፈት ባዶ እጁን አልመጣም። ነቀምቴ ከገባ በኋላም ተከሷል፣ እንዳይሰብክም ተከልክሏል፤ እዚሁ አስተምሮ እዚሁ በ1931 ዐረፈ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለልጅ ስነግር የማስበው እሱን ነው። ነገ በእጃችን የለም፤ የዛሬ ሥራ ግን አለን። የተጨነቀ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አሳቡም ማረፊያ ያገኛል።

የቦጂውን ልጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው ቢለምኗቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ራሳቸው ተገርፈው፣ አሥር ዓመት ገደማ ታስረው ወጡ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከ13 ዓመት መጥፋት በኋላ ነው። «ይኖር ይሆን?» እያሉ 13 ዓመት መኖር ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ዛሬ ከናንተ መካከል ያሉ አንዳንዶች ያውቁታል። እኒህን ሰዎች የማነሳው የእናንተ ጭንቀት ትንሽ ነው ለማለት አይደለም። አማኝ ሰው እንዲህ ያለ ሌሊት ገጥሞት፣ እምነቱን ሳይጥል ማለፍ መቻሉን እንድታውቁ ብዬ ነው።

ስትጸልዩ ዘርዝራችሁ ተናገሩ። «ጌታ ሆይ ሰላም ስጠኝ» ብሎ መነሳት ብቻ አይበቃም። «ወንድሜ ከወጣ አልተመለሰም፤ የቤት ኪራይ ደርሶብኛል፤ የፈተናውን ውጤት ፈርቻለሁ» በሉት። ዳዊትም እሮሮውን ሳያለሰልስ ነው ያቀረበው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው በሰው ፊት ብቻ አይደለም የሚሠራው።

ለእግዚአብሔር የነገራችሁትን ለአንድ ሰው ደግሞ ንገሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» በእኛ አገር ቡና ቀላ የሚቀርበው ለዚህም ጭምር ነው። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ሲዞር፣ ሽማግሌው ሲመርቅ፣ ሌላው «ያ ነገርህ እንዴት ሆነ?» ሲል፣ ሰው የያዘውን ያወጣል። አሁን ግን ቡናው ፊት ተቀምጠን እያንዳንዳችን ስልካችንን እናያለን፤ ከማናውቀው ሰው የመጣ የሞት ወሬ ለማናውቀው ሰው እናስተላልፋለን። ማታ ማታ ይህን ወሬ መመልከት ተዉ። ያልተጣራውንም አታስተላልፉ፤ የሌላውን እናት እንቅልፍ ትነሳላችሁ።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይባላልና፣ በጭንቀታችሁ ቀን ገንዘብ ተቀብሎ ትንቢት ከሚነግራችሁ ሽሹ። ነገአችሁን በብር የሚሸጥላችሁ ሰው የእግዚአብሔር መልእክተኛ አይደለም። ይህን ሳልፈራ እናገራለሁ፤ ስንት ድሃ የላሙን ዋጋ እንዲህ ባለ ቦታ አስረክቦ ሲመለስ አይቻለሁ።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ እህል ካልወረደ፣ ከሰው ፊት መቆም ካቃተ፣ ይልቁንም ሞት ማማር ከጀመረ፣ ነቀምቴ ሆስፒታል ሂዱ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሐኪም ቤት መሄድ እምነትን መካድ የሚመስለው ካለ፣ ሉቃስ ወንጌላዊውም ሐኪም እንደነበረ ይወቅ። ቄስ ጉዲናም ቄስ ከመሆናቸው በፊት እዚሁ ነቀምቴ ሆስፒታል የቁስለኛ ቁስል ሲያክሙ ነበር። ጸበል የምትጠመቁ የኦርቶዶክስ ልጆቼም፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ክኒን ለጸበሉ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ጎረቤታችሁን የምታውቁ ደግሞ አደራ አለባችሁ። ከጸሎት ቤት የቀረውን፣ ቡና ላይ ዝም ያለውን፣ ፊቱ የጠቆረውን አትለፉት። ጥቅስ ጠቅሳችሁ ብቻ አትመለሱ፤ እንጀራ ይዛችሁ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ጠይቁት፣ የሚለውን እስኪጨርስ ስሙት። አንተም የምትጨነቀው ልጄ፣ አንቺም ልጄ፣ ዛሬ ሳይመሽ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ።