የባምባሲው ተማሪና የካንሰር ጥያቄ

ባምባሲ ተወልዶ ያደገ የባዮሎጂ ተማሪ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪው መመረቂያ «ካንሰር በሞለኪውል ደረጃ እንዴት ይነሳል?» የሚለውን ላጥና ቢል፣ «ይህ የሀብታም አገር ጥያቄ ነው፤ እኛ ገና ከወባ አልተላቀቅንም» የሚለው ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ መሣሪያው ውድ፣ የተማሪውም ጊዜ አጭር ነው። ግን ጥያቄው በእርግጥ ከባምባሲ ሩቅ ነው?

ባምባሲ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ኦቾሎኒ አብቃይ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ኦቾሎኒ ቅርፊቱ ሲፈለቀቅ፣ ፍሬው ላይ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሻጋታ ይታያል። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባለው ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተሰኘ መርዝ ያመነጫል። ጉበት መርዙን ለማስወገድ ሲለውጠው፣ የተለወጠው መርዝ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱ ሲባዛም ከዲኤንኤ ፊደላት ጉዋኒን በነበረበት ቲሚን ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1991 በደቡባዊ አፍሪካና በቻይና ሕሙማን የጉበት ዕጢ ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ በሚያግደው ፒ53 ጂን ላይ፣ ኮዶን 249 በተባለው ቦታ፣ ይህንኑ ለውጥ ደጋግመው አገኙ።

«ኦቾሎኒ አድርቁ ለማለት ፒ53ን ማወቅ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ገበሬውስ ባያውቀው ምንም አይጎድልበትም። ነገር ግን በዛሬው ጆንያና ከብዙ ዓመት በኋላ በሚመጣው ሕመም መካከል ያለውን ዝምድና ዓይን አያየውም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሂደቱን ማወቅ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ አፍላቶክሲን ሲጨመር አደጋው በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ፣ የሕፃናት ክትባትና ደረቅ ጎተራ የአንድ መከላከያ ሁለት ክንዶች ናቸው።

ይህ እውቀት ግን ወሰን አለው። ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ይነግረናል እንጂ ገበሬውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ዝናቡ ሳያባራ ምርቱን የሚሰበስብ፣ ማድረቂያ ሸራ የሌለው ሰው ምን ምርጫ አለው?

ተማሪው ጂን ማንበቢያ ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ከየጎተራው ናሙና ሰብስቦ እርጥበቱን መለካት፣ ሻጋታውን ማሳደግ ይችላል። መርዙን ለይቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያየው ሰማያዊ ያበራል። የፒ53 ለውጦች የተመዘገቡባቸው የመረጃ ቋቶችም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ስለዚህ አማካሪው «ርዕስ ቀይር» ከማለቱ በፊት ናሙናውን ከየት እንደሚያመጣ ይጠይቀው። መልሱ «ከአባቴ ጎተራ» ከሆነ፣ ጥናቱ ጊዜውም ገንዘቡም ሊሰጠው ይገባል።