ድድ ሲደማ መድኃኒቱን አትክሰሱ

ጠዋት ጥርስ ሲፋቅ መፋቂያው ላይ ደም ይታያል። ሰውየው ይተፋል፣ ይጉመጠመጣል፣ ይረሳዋል። ከሳምንት በኋላ ምንም ሳይመታው ጭኑ በልዞ ያገኘዋል፤ ቅልጥሙ ላይም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ይህ ሰው ኤች አይ ቪ በደሙ ያለና ፀረ ኤች አይ ቪ ክኒኑን በየቀኑ የሚውጥ ከሆነ፣ ቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣው «መድኃኒቱ ደሜን ጨረሰው» የሚል ጥርጣሬ ነው። በዚህ ጥርጣሬ ምክንያት ማንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ልለምን ነው የተነሣሁት።

ሐኪሞች ፕሌትሌት የሚሏቸው አርጊ ሕዋሳት ሰውነታችን ሲቆረጥ ፈጥነው ደርሰው ቀዳዳውን የሚደፍኑ ናቸው፤ ሲያንሱ እንዲህ ያለ መድማትና መበለዝ ይመጣል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ሊገኙ ይገባል። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ መቅኔ ያለ ዕረፍት ይተካቸዋል። ኤች አይ ቪ ይህን ሥራ በሁለት በኩል ያበላሻል፦ ሰውነት የገዛ ፕሌትሌቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ እንዲያጠፋ ያደርጋል፤ መቅኔ ውስጥ ፕሌትሌት የሚያመርቱትን ሕዋሳትም ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቫይረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዚዶቩዲን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሰጥ የበሽተኞቹ ፕሌትሌት ከፍ ማለቱን ሐኪሞች አይተዋል። ከ5,400 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 በተቋረጠው «ስማርት» በተባለው ጥናት ደግሞ መድኃኒታቸውን እያቆሙ እንዲጀምሩ የተደረጉት ሰዎች፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ለከባድ ሕመምና ለሞት ተጋለጡ። ፕሌትሌት የወረደባቸውም በእነርሱ ወገን በዝተው ተገኙ።

እንግዲህ መድኃኒቱን እየዋጡ ፕሌትሌት ከወረደ በቅድሚያ ራስን በሐቅ መጠየቅ ይገባል። በእርግጥ በየቀኑ እየዋጥኩ ነው? እንግዳ ሲመጣ፣ ለቅሶ ቤት ስውል፣ ገጠር ስሄድ የዘለልኳቸው ቀኖች የሉም? የቫይረስ መጠን ምርመራው መልሱን ይናገራልና ከሐኪም መደበቅ ትርፍ የለውም። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ጉበት በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ወይም በአልኮል ሲጎዳ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያም ፕሌትሌትን ይዞ ያስቀራል። በሁመራና በመተማ እርሻዎች ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካላዛር ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ ከኤች አይ ቪ ጋር ሲገናኝ እጅግ ይከፋል። ወባም፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም፣ ኮትሪሞክሳዞልም ፕሌትሌት ያወርዳሉ። የት እንደሠራችሁ፣ ምን እንደምትጠጡ፣ ከፀረ ኤች አይ ቪው ሌላ ምን እንደምትውጡ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ማቋረጥ ሌላም አደጋ አለው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በቀን አንዴ በሚውጠው ክኒን ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበቱንም ቫይረስ ይዘው የሚያቆዩ ናቸው። በድንገት ሲተዉ ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል።

ከልቤ የሚያሳዝነኝ ልማድ ሌላ ነው። ወገቡን ወይም ራሱን ሲያመው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፒሪን ገዝቶ የሚውጥ፣ ወይም «መርፌ ውጉኝ» ብሎ ክሊኒክ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ቁጥሩ ያነሰውን ፕሌትሌት ሥራ ጭምር ያሰንፋሉ። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም ውስጥ ለውስጥ ሊያደማ ይችላል። ፕሌትሌታችሁ ወርዶ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አትንኳቸው፤ ጥርስ ከማስነቀላችሁና ቀዶ ጥገና ከማድረጋችሁ በፊት ቁጥሩን ተናገሩ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለአዋላጇ ንገሩ። ከ50,000 በታች ከሆነ ቁጥሩን ያላወቀ ሐኪም ሳያስበው ሊጎዳችሁ ይችላል። መድኃኒታችሁን ከሰፈር ርቃችሁ የምትወስዱ፣ በሌላ ክሊኒክም ስትታከሙ ስለ ቫይረሱ ዝም የምትሉ፣ ምክንያታችሁ ይገባኛል። የሰው ዓይን ያማል። ግን ለሚያክማችሁ ሰው በር ዘግታችሁ ንገሩ። ባለሙያዎችም፣ ታካሚዎችን ተራ በሚጠብቀው ሰው ፊት አትጠይቋቸው።

ጠበል የምትጠመቁም አላችሁ። ክኒኑንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ተናግረዋል፤ እምነታችሁ አቋርጡ አላላችሁም።

አንድ ጊዜ ዝቅ ያለ ውጤት ሲመጣም አትደንግጡ። ደሙ የተቀዳበት ቱቦ ውስጥ ያለው ኬሚካል አልፎ አልፎ ፕሌትሌቶቹን አጣብቆ ቁጥሩን በሐሰት ያሳንሳል። ድጋሚ ምርመራ ጠይቁ። ነስሩ አልቆም ካለ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ የወር አበባ ከልክ በላይ ከፈሰሰ ወይም ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስንቱን ቀብረናል። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ፤ እስከዚያው ድረስ የዛሬ ማታውን ክኒን ዋጡ።