ቤት የቀየረ ሁሉ ከዳተኛ ነው?



«እንደ ልጃችን አድርገን ይዘንሽ እንዴት ትተሽን ትሄጃለሽ?» የሚለውን ያልሰማች ካለች እጇን ታውጣ። ኮንትራቷን የጨረሰች ልጅ ቤት ልቀይር ካለች ወዲያው ውለታ ቢስ ትባላለች። እኛም ብንሆን «እሷ እኮ ቤት አይበረክትላትም» እያልን እንተማማለን። ለመሆኑ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ታማኝነቱ ለማን ነው? እስቲ ነገሩን በኳስ ተጫዋቾች እንየው፤ እነሱም እንደኛ በኮንትራት አገር ላገር የሚዞሩ ናቸውና።

የአገራችን ልጅ ፍቅሩ ተፈራ ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናም፣ ሕንድ እየተዘዋወረ ተጫውቷል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ለኮልካታ ቡድን። ኮልካታ የዚያን ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ግን ፍቅሩ በፍጻሜው ጨዋታ አልተሰለፈም። በ2015 ወደ ቼናይ ቡድን ሄደ፣ ቼናይም ዋንጫውን በላ። ታዲያ ፍቅሩ ኮልካታን ከዳ ይባላል? በለበሰው ማልያ ላብ እስካፈሰሰ ድረስ ዕዳውን ከፍሏል።

ድሮ በእንግሊዝ አገር እንዲህ አልነበረም። የተጫዋቹ ኮንትራት ቢያልቅም ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም። ጆርጅ ኢስትሃም የሚባል ተጫዋች ከኒውካስል ወደ አርሰናል ልሂድ ቢል እምቢ አሉት። ኳሱን ትቶ ሌላ ሥራ ገባ። በ1960 ለቀቁት፤ በ1963 ደግሞ ፍርድ ቤት ያ ደንብ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ ያለ አግባብ ያግዳል ብሎ ፈረደ። ኢቃማችን በስፖንሰር ስም ለታሰረው ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

አንዷ እህቴ ግን «ተጫዋቹ የሚተወው ማልያ ነው፣ እኔ የምተወው ያሳደግሁትን ሕፃን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለዚህ ቀላል መልስ የለኝም። ልጁ ኮንትራት አልፈረመም፣ የሚያውቀው የእሷን እቅፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢቻል ቀኑን አስቀድማ ብትናገር፣ ልጁን ተሰናብታ ብትወጣ፣ ምን እንደሚበላና በምን እንደሚተኛ ለምትተካት ብታሳይ ደግ ነው። ለልጁ ያለባት ዕዳ ይህ ይመስለኛል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ መቅረት ግን ዕዳዋ አይደለም፤ አገር ቤት የእሷን እቅፍ የሚጠብቅ ልጅ ሊኖራት ይችላላ!

ደግሞስ ታማኝነት ከአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ? የ2015 የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ፓስፖርት እንዳይያዝ ይላል። ይህን የነፈገ ቤት «ከዳሽኝ» ለማለት ምን አፍ አለው? በደል ደርሶባት ነፍሷን ለማዳን የወጣችውንማ ከዳተኛ የሚላት ካለ እሱ ራሱ ይፈር።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። አደራ ሳለን አደራችንን እንጠብቅ፣ የሰው ዕቃ አንንካ፣ ልጁን እንደ ልጃችን እንያዝ። ጊዜው ሲያልቅ ግን አንገታችንን ሳንደፋ እንውጣ። የተከራየነው ጉልበታችንን ነው፣ ራሳችንን አልሸጥንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዓርብ ስንገናኝ እንከራከርበት።

እህታችሁ ከጃብሪያ