የዕቃ ኃይል በምን ይታወቃል?

በቴዎድሮስ አደባባይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ ያያል። ዋናው መድፍ በጋፋት የተሠራ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን፣ በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ አምባ ላይ የወጣው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ ተስፋ የጣሉበት ይህ መድፍ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞት አላዳናቸውም። ከአደባባዩ ከፍ ብሎ ያለው ፒያሳ ደግሞ በወርቅ ሠሪዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ወርቅ ዐዋቂም የቀረበለትን ሁሉ በመፈተኛ ድንጋይ ሳይፈትን አይቀበልም። የመድፍ ክብደት በሚዛን፣ የወርቅ ጥራት በድንጋይ ይታወቃል። «ኃይል አለው» የሚባል ዕቃ ሲያጋጥመንስ በምን እንፈትነዋለን?

በአገራችን እንዲህ ከሚባልላቸው ዕቃዎች ዋነኛው ክታብ ነው። ክታብ በጠባብ ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ተጠቅልሎም በቆዳ ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል። በውስጡ ጸሎት፣ ዐስማት የሚባሉ ስውር ስሞች፣ ዓይንና መስቀል የተሣለበት ጠልሰም፣ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው ውርዝልያ በቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት ድል እንደ ተነሣች የሚተርክ ታሪክ ይገኛል። የባለቤቱም የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፋል። እንግዲህ ባለ ክታቡ ማን ጻፈው፣ በማን ስም ተጻፈ፣ ለምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል፤ እነዚህን ካወቀ ዕቃውን ያወቀ ይመስለዋል።

ይኸው ጥያቄ በሩቅ አገር በጨዋታ መልክ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ባወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንደ ተረት ጀግኖች በሐሳብ ይጓዛሉ፤ በመንገድም ምትሃት ያለበት ሰይፍ ወይም ቀለበት ያገኛሉ። ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚገልጥ ድግምት አለ፤ ለዚያም 100 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ሉል ያስፈልጋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የጨዋታው ሕግ መሠረት፣ ዕቃው የተረገመ ቢሆን ይህ ምርመራ እርግማኑን ብዙውን ጊዜ አይገልጠውም። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹን የያዘ ሰው ደግሞ ከዕቃው ለመለየት ፈቃዱን ያጣል። ልብ ወለድነቱን ዐውቆ የሚጫወት ወጣት ጠንቋይ አይባልም። ሆኖም ጨዋታውን የደረሱት ሰዎች፣ የዕቃን ጥቅም ማወቅ ጉዳቱን ማወቅ አለመሆኑን በሕጋቸው ውስጥ አስቀምጠዋል።

ይህ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። ክታብ ያሰረ ሕፃን ከሕመሙ ቢድን፣ እናቱ ክታቡ እንደ ሠራ ታምናለች። ባይድንም ሌላ የሚበረታ ክታብ ያስፈልጋል ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ደግሞ ፈተና አልተደረገም ማለት ነው። እውነተኛው ጥያቄ ግን «ይሠራል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «እኔን ምን ያደርገኛል?» የሚለው ነው። ክታቡ የጠፋበት ዕለት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ጎረቤቱን በቡዳነት የሚጠረጥር፣ ከእግዚአብሔር ይልቅ በአንገቱ ባለው ቆዳ የሚተማመን ሰው፣ ዕቃውን ይዞት ሳይሆን ዕቃው ይዞት ይኖራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እናንተስ መቁጠሪያና ሜዳልያ ታንጠለጥሉ የለምን? የተባረከ ውሃስ ትረጩ የለምን?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጣ ልንመልሰው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ክታብ መልበስን ይነቅፋል (ቊ. 2117)፤ ነገር ግን የጸሎትንና የቅዱሳት ምልክቶችን ፍሬ ከውስጥ ዝንባሌ ለይቶ በውጫዊው አፈጻጸም ላይ ብቻ ማኖርንም አጉል እምነት ይለዋል (ቊ. 2111)። ስለዚህ ልዩነቱ በቆዳና በብር መካከል ያለ ልዩነት አይደለም። ሳንጸልይበት በመኪና መስተዋት ላይ ለአደጋ መከላከያ ያንጠለጠልነው መቁጠሪያ በእጃችን ወደ ክታብነት ተለውጧል። ሙሴ የናሱን እባብ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ዕጣን ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የሕዝቡ ልብ ነው።

ታዲያ ከአያት የወረሰውን ክታብ ይዞ የሚመጣ ምእመን ቢኖር የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምን ያድርግ? በመጀመሪያ አይሳቅበት፤ ያ ሰው ያመጣው ፍርሃቱንና የቤተ ሰቡን መከራ ጭምር ነው። ደግሞም ነገሩን በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ላይ መዝለፊያ አያድርገው፤ ከእነርሱም መምህራን ብዙዎች ይህንኑ ልማድ ይገሥጻሉ። የታመመ ካለ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይምከር፤ አብሮትም ይጸልይ። ክታቡን በግድ ነጥቆ ማቃጠልም አይገባም። በኤፌሶን 50,000 ብር የሚያወጡ የጥንቆላ መጻሕፍት ያቃጠሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው፣ አምነው ነበር (ሐዋ. 19፥19)። ሸጠው ሊከብሩበት ሲችሉ አልሸጡትም፤ የራሳቸውን እስራት በሌላ ሰው አንገት ላይ ማሰር አልፈለጉምና። ጥንታዊ ክታብ የሕዝባችን ታሪክ ምስክር ስለ ሆነ፣ በስድስት ኪሎ እንዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ላለ ስፍራ መስጠትም ይቻላል፤ በዚያ የሚጠና እንጂ የሚፈራ አይሆንም። ባለቤቱ ካህኑን አማክሮ፣ በነጻ ፈቃዱ ይወስን።

እንግዲህ ውድ ምእመናን፣ ወርቅ ዐዋቂ መፈተኛ ድንጋይ እንዳለው ለእኛም አንድ ፈተና አለን። በአንገታችን፣ በቤታችንና በመኪናችን ያለውን ሁሉ በየተራ እያነሣን፣ «ይህ ባይኖር በሰላም መጸለይ፣ ጎረቤቴንም ሳልጠረጥር መውደድ እችላለሁን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። እንችላለን ካልን ምልክቱ ወደ እግዚአብሔር ያመለክተናል። አንችልም ካልን ግን የዕቃውን ማንነት ዐውቀነዋል፤ ሌላ መርማሪ አያስፈልገንም።